ትምህርቱ ለማን፣ ውሳኔውስ የማን?

በማዕከላዊ ፊሊፒንስ፣ የሴቡና የኔግሮስ ደሴቶች ወደ ደቡብ በሚያበቁበት ባሕር ላይ፣ ሱሚሎንና አፖ የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ደሴቶች አሉ። ሁለቱም በኮራል ሪፍ የተከበቡ ናቸው። የሁለቱም ባሕር ለብዙ ዓሣ አስጋሪ ቤተሰብ የዕለት እንጀራ ሆኖ ኖሯል። ሁለቱንም ያጠናውና በሁለቱም ዙሪያ ሕዝብ ያስተማረው አንድ ተቋም ነው፤ በዱማጌቴ ከተማ የሚገኘው የሲሊማን ዩኒቨርሲቲ። ሳይንሱም መምህሩም አንድ ሆኖ ሳለ፣ በሱሚሎን የተከለለው ባሕር ጥበቃው በአሥር ዓመቱ ፈረሰ። የአፖው ግን ትውልድ ተሻግሮ ጸና።

የኮራል ሪፍ ተጎዳ በተባለ ቁጥር ከመንግሥትም፣ ከረጂ ድርጅትም፣ ከአስጎብኚም የሚሰማው መልስ ተመሳሳይ ነው፤ ለአካባቢው ሕዝብና ለተማሪዎች ግንዛቤ ማስጨበጥ ያስፈልጋል ይባላል። ፖስተር ይታተማል፣ አዳራሽ ይከራያል፣ የዓሣ ሥዕል ያለበት ካናቴራ ይታደላል። ተሳታፊው ይፈርማል፣ አበሉን ይቀበላል፣ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በሪፖርቱ ላይ የሠለጠነው ሰው ብዛት ይሰፍራል፤ በባሕሩ ውስጥ ምን እንደተለወጠ ግን ማንም አይጠይቅም።

ይህ ሐተታ ትምህርት አይጠቅምም ብሎ አይከራከርም። የሚከራከረው፣ ሪፍን ሊያድን የሚችለው ትምህርት ለአዋቂው የመወሰን ሥልጣን፣ ለልጁ ደግሞ የመመዝገብ ሥራ ይዞ የሚመጣው ነው ብሎ ነው። ከሁለቱ የተነጠለ ትምህርት፣ ይዘቱ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን፣ ወቀሳን ከባለሥልጣን ወደ ድሃ አስጋሪና ወደ ተማሪ ከማሸጋገር አያልፍም። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ለይተን ካላመለከትን በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ድንጋይ የሚመስለው እንስሳ

ስለ ሪፍ ለሚያስተምር ሰው ሥራው የሚከብደው ገና ከመነሻው ነው። ኮራል ለማያውቀው ድንጋይ ይመስላል፤ ጠጋ ብሎ ላየው ደግሞ ተክል። እውነቱ ግን እንስሳ ነው። ፖሊፕ የሚባለው እያንዳንዱ ትንሽ አካል ከባሕሩ ውሃ በሚያገኘው ማዕድን ከሥሩ የኖራ ድንጋይ ይገነባል። ትውልድ በትውልድ ላይ ሲገነባ በሺህ ዓመታት ውስጥ ያ ግንባታ ሪፍ ይሆናል። ሪፎች ከውቅያኖስ ወለል አንድ በመቶ እንኳ አይሸፍኑም፤ ሆኖም ከታወቁት የባሕር ሕይወት ዓይነቶች ሩብ ያህሉ በሆነ የዕድሜው ክፍል በእነሱ ይጠለላል።

በፖሊፑ ሥጋ ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ። አልጌዎቹ በፀሐይ ብርሃን ምግብ ያዘጋጃሉ፤ ኮራሉም ምግቡን በአመዛኙ፣ ቀለሙንም ጭምር የሚያገኘው ከእነሱ ነው። ባሕሩ ከተለመደው የበጋ ከፍተኛ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ አልፎ ለሳምንታት ከቆየ ግን አብሮ መኖሩ ይቀራል። ኮራሉ አልጌዎቹን ያስወጣል፣ በሳሳው ሥጋ ሥርም ነጩ አጽም ይታያል። የኮራል መንጣት የሚባለው ይህ ነው። የነጣ ኮራል ተርቧል እንጂ አልሞተም። ሙቀቱ ቶሎ ከበረደለት ያገግማል፤ ከዘገየ ይሞታል።

ይህን ዕውቀት ዓሣ አስጋሪው ከሳይንቲስቱ ሊማር ይችላል። ሳይንቲስቱም ከአስጋሪው የሚማረው ብዙ ነው። ሮበርት ጆሃንስ የተባለው የባሕር ተመራማሪ በሰላማዊ ውቅያኖስ በምትገኘው በፓላው ከአዛውንት አስጋሪዎች ጋር ተቀምጦ የሰበሰበውን በ1981 በመጽሐፍ ሲያሳትም፣ የትኛው ዓሣ በየትኛው ወር፣ ጨረቃዋ ስንት ቀን ሲሞላት፣ በየትኛው ሰርጥ ተሰብስቦ እንቁላል እንደሚጥል ሽማግሌዎቹ አሳምረው እንደሚያውቁ አሳየ። ብዙው ነገር በሳይንስ መጻሕፍት ያልሰፈረ ነበር። ሕዝቡን እንደ ባዶ ገንቦ ቆጥሮ ሊሞላው የሚመጣ አሠልጣኝ ከዚህ መጽሐፍ ቢጀምር ይበጀዋል።

አንድ መምህር፣ ሁለት ውጤት

በ1974 የሲሊማን ዩኒቨርሲቲው አንጄል አልካላና ባልደረቦቹ ከአካባቢው አስተዳደር ጋር ተስማምተው ከሱሚሎን ሪፍ ሩብ ያህሉን ለዓሣ ማስገር ዝግ አደረጉት። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ዓሣው በተዘጋው ክፍል ሳይነካ ያድጋል፣ ይራባል፤ የተረፈውም ክፍት ወደሆነው ባሕር ይወጣል። እንደታሰበውም ሆነ። ከክልሉ ውጭ የሚያሰግሩት ሰዎች የሚያገኙት ዓሣ ከዓመት ዓመት ጨመረ።

በ1984 የአካባቢው ፖለቲካ ተለወጠ፤ ጥበቃውም አብሮ ላላ። የተዘጋው ባሕር ተከፈተና ፈንጂም፣ ሙሮ አሚ የሚባለው የማስገር ዘዴም ገባበት። በሙሮ አሚ ዋናተኞች ክብደት የታሠረበት ገመድ ይዘው ኮራሉን እየቀጠቀጡ ዓሣውን ወደ መረብ ይነዳሉ። ከዋናተኞቹ ብዙዎቹ ታዳጊ ወንዶች ነበሩ። ዛሬ ስለ ሪፍ ጥበቃ መዝሙር እናስተምራቸው የምንላቸው ልጆች የዕድሜ እኩዮች፣ ሪፍ ለመስበር የሚቀጠሩ የቀን ሠራተኞች ነበሩ ማለት ነው። ፊሊፒንስ ይህን ዘዴ በ1986 አገደች።

አልካላ ከአውስትራሊያዊው ጋሪ ራስ ጋር በ1990 ያወጡት ጥናት የጥበቃውን መፍረስ እንደ ፈተና ቆጥሮ መረመረው። ክልሉ በተከፈተ በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ ከደሴቲቱ ዙሪያ የሚገኘው ዓሣ ወደ ግማሽ ተጠግቶ ወርዷል። ያልተዘጋ ባሕር ጨምሮላቸው ብዙ ያገኛሉ የተባሉት ሰዎች ያነሰ አገኙ። ባሕሩ ሲዘጋም ሲከፈትም ሳይንሱ ትክክል ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ታዲያ ምን ጎደለ? ክልከላው የዩኒቨርሲቲውና የአስተዳደሩ ስምምነት ነበር። ሥልጣን የያዘው ሲቀየር ስምምነቱም ተቀየረ፤ የእኔ ነው ብሎ የሚቆምለት አልነበረውም።

አፖ ሌላ መንገድ ሄደች። ከኔግሮስ ጠረፍ ጥቂት ኪሎ ሜትር የምትርቀው ይህች እሳተ ገሞራ ወለድ ደሴት የመሬት ስፋቷ 1 ካሬ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። በ1970ዎቹ ማብቂያ በአካባቢው ፈንጂ፣ ሳያናይድና ቀዳዳው የጠበበ መረብ ሪፉን ሲያራቁቱ፣ የአፖ አስጋሪዎች ለዕለት ጉርስ ርቀው መቅዘፍ ግድ ሆኖባቸው ነበር። የአልካላ ቡድን በ1979 ሲመጣ ሕግ ይዞ አልመጣም። ከደሴቲቱ ሰዎች የተወሰኑትን ይዞ ገና ያልፈረሰውን ሱሚሎንን አሳያቸው። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል እንዲሉ፣ ከማንኛውም ንግግር በላይ የሠራው ያ ጉዞ ነው።

እንዲያም ሆኖ ያመነው ሁሉም አልነበረም። ያለችንን ትንሽ ባሕር ቆርሰን ብንዘጋ ምን እንበላለን የሚለው ሥጋት ተገቢ ነበርና ክርክሩ ሦስት ዓመት ወሰደ። በ1982 14 ቤተሰቦች ወስነው ከመንደሩ ፊት ለፊት ያለውን፣ 450 ሜትር ያህል ዳርቻ የሚይዘውን ባሕር ዘጉ። ከደሴቲቱ የማስገሪያ ሪፍ 10 በመቶው ነው። ቦታውን የመረጡት ራሳቸው ናቸው፤ ከመንደር ሆኖ በዓይን የሚታይ ስለሆነ በተራ ለመጠበቅ ያመች ነበር። ቀጥሎ በነበሩት ዓመታት የዩኒቨርሲቲው የማኅበረሰብ ሠራተኞች በደሴቲቱ እየተቀመጡ አስተማሩ፤ የባሕር አስተዳደር ኮሚቴ ተቋቋመ፤ የትምህርት ማዕከል ተሠራ። በ1985 የደሴቲቱ ሕዝብ በሙሉ ተስማምቶ ጉዳዩ በዳዊን ማዘጋጃ ቤት የሕግ ኃይል አገኘ። ፈንጂና መርዝ ቀረ፤ በመንጠቆ፣ በቀርከሃ ወጥመድና ቀዳዳው በሰፋ መረብ ማስገር ተፈቀደ።

እዚህ ላይ የቅደም ተከተሉን ነገር ልብ ይሏል። መጀመሪያ ማየት፣ ቀጥሎ ክርክር፣ ከዚያ የጥቂቶች ሙከራ፣ በመጨረሻም ሕግ። በአብዛኛው የምናውቀው የልማት አሠራር ይህን ገልብጦ ሕጉን ያስቀድማል፤ ከዚያ ሕጉን የሚያብራራ ሥልጠና ያዘጋጃል።

ውጤቱን ራስና አልካላ ለዓመታት ተከታትለውታል። ከደሴቲቱ ምርት ትልቁን ድርሻ የሚይዙት የሁለት ዓሣ ቤተሰቦች ክብደት በተዘጋው ክፍል ከ1983 እስከ 2001 በሦስት እጥፍ አደገ። በመንጠቆ የሚያሰግር ሰው በተመሳሳይ ድካም የሚያገኘው ዓሣ ከ1981 ጋር ሲነጻጸር በ50 በመቶ ጨመረ። በመንጠቆ ለማስገር የሚወጣው አጠቃላይ ድካም ደግሞ ከ1986 እስከ ምዕተ ዓመቱ መባቻ በ46 በመቶ ቀነሰ። የአፖ ሰው ባሕሩን አሥር እጅ አንዱን ዘግቶ ትርፍ ጊዜ አገኘ ማለት ይቻላል። በዚያ ላይ ሪፉን ለማየት የሚመጣው ጠላቂ ጎብኚ የሚከፍለው ገንዘብ ነበር።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢቆም ያማረ ነበር፤ ግን አልቆመም። በ1994 አፖ በብሔራዊ ሕግ ጥብቅ ስፍራ ተብላ ስትሰየም፣ የአስተዳደሩ ሥልጣን የማዕከላዊው መንግሥት መሥሪያ ቤት ወደሚመራው ቦርድ ዞረ። ክብሩ ቢጨምርም ነዋሪው ቅሬታ አሰማ፤ ውሳኔው ከእጃችን ወጣ፣ የጎብኚው ገንዘብም ዞሮ እስኪደርሰን ይዘገያል አለ። በተማረ ሕዝብ የጸና ጥበቃ እንኳ፣ ሥልጣኑ ሲርቅ የሚሳሳ መሆኑን አፖ ራሷ ታስተምራለች።

ፊሊፒንስ ከዚህ የቀሰመችው ነገር አለ። በ1991 የወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ ከጠረፍ እስከ 15 ኪሎ ሜትር ያለውን ባሕር የማስተዳደር ሥልጣን ለማዘጋጃ ቤቶች ሰጠ። የአፖ ዓይነት ክልሎች በመቶ፣ በኋላም ከሺህ በላይ ሆኑ። ከእነሱ ውስጥ በወረቀት ላይ ብቻ ያሉ ጥቂት አይደሉም። አልካላ በ1992 የራሞን ማግሳይሳይ ሽልማትን ተቀበለ፤ በ2023 ሲያርፍ ትቶት የሄደው ትልቁ ነገር ግን ከሽልማቱ ይልቅ የሁለቱ ደሴቶች ንጽጽር ነው።

ልጁ ምን ይሥራ?

አዋቂው ከወሰነ፣ የትምህርት ቤቱ ድርሻ ምንድን ነው? በብዙ አገር የተለመደው መልስ ልጁን መልእክተኛ ማድረግ ነው። ተማሪው በክፍል ይማራል፣ ማታ አባቱን ያስተምራል ይባላል። የአስጋሪ አባትና ልጅ ኑሮ እንዲህ አይሄድም። ጀልባውም መረቡም የአባት ነው፤ ዕዳውም እንዲሁ። የአሥር ዓመት ልጅ «አባዬ፣ ይህ መረብ ይጎዳል» ቢል፣ ችግሩ ያለው አባት ሌላ መረብ መግዣ ስለሌለው እንጂ ስላልተነገረው አይደለም። ልጁ እስኪያድግ እንጠብቅ ካልን ደግሞ፣ በፈንጂ የሚመታ ሪፍ ሃያ ዓመት የሚታገሥበት አቅም የለውም።

የልጁ ትክክለኛ ቦታ ሌላ ነው። የዓሣ ሀብት ሊቁ ዳንኤል ፖሊ፣ ለዓመታት በማኒላ የሠራው ሰው፣ በ1995 ባወጣው አጭር ጽሑፍ አንድ ነገር አስተውሎ ነበር። እያንዳንዱ ትውልድ ባሕሩን የሚለካው ሥራ ሲጀምር ባየው ነው። አያት ያየው ብዛት ለአባት ተረት ይሆናል፤ አባት ጥቂት ያለው ለልጅ ደንበኛ ይሆናል። በዚህ መንገድ ሪፍ እየተራቆተ ሁሉም እንደወትሮው ነው ይላል። ስለዚህ የጥፋቱ ተባባሪ ስግብግብነት ብቻ ሳይሆን መርሳትም ነው። ለመርሳት ደግሞ ከትምህርት ቤት የተሻለ መድኃኒት የለም። ከንቲባ ይቀየራል፣ ፕሮጀክት ያበቃል፣ አሠልጣኝ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ትምህርት ቤት ግን በየዓመቱ አዲስ ዓይንና አዲስ እጅ ይቀበላል። ዓመት በዓመት፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዘዴ የሚሞላ መዝገብ ቢኖረው የመንደሩ ትዝታ ይሆናል።

ይህ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። በአውስትራሊያ የክዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ በ2002 የጀመረው «ኮራል ዎች» የተባለው ፕሮጀክት ዋና መሣሪያ አንዲት ባለቀለም ካርድ ናት። ተማሪው ውሃ የማይጎዳትን ካርድ ከኮራሉ አጠገብ ይይዝና የኮራሉ የፈዘዘና የደመቀ ክፍል ከየትኛው የቀለም እርከን ጋር እንደሚገጥም ይመዘግባል። እርከኑ ከአንድ እስከ ስድስት ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ኮራሉ አልጌውን እያጣ ነው ማለት ነው። አንድ ንባብ ብዙ አይናገርም። በአንድ ቦታ ለዓመታት የተደጋገመ ንባብ ግን ሪፉ መቼ እንደታመመ፣ መቼ እንዳገገመ ይመሰክራል። መዝገቡም ከሌሎች አገሮች ንባብ ጋር ተደምሮ ለተመራማሪ ይቀርባል። እዚህ ላይ ልጁ መዝሙር አጥኚ ሳይሆን ምስክር ሆኗል።

ምስክርነት ምን ያህል ኃይል እንዳለው አውስትራሊያ ቀድማ አይታለች። በ1967 አንድ የሸንኮራ አገዳ ገበሬ በታላቁ ባሪየር ሪፍ ውስጥ የሚገኘውን ኤሊሰን ሪፍን ቆፍሮ ኖራውን ለእርሻ ለማዋል ፈቃድ ጠየቀ። ምክንያቱም ሪፉ ሞቷል የሚል ነበር። ጆን ቡስት የተባለ ሠዓሊ ተቃውሞ አቀረበ፤ ከክዊንስላንድ የመጡ ወጣት በጎ ፈቃደኛ ጠላቂዎች ውሃ ውስጥ ገብተው ያዩትን ኮራልና ዓሣ በዝርዝር አቀረቡ። ሞቷል የተባለው ሪፍ በሕይወት የተሞላ ሆኖ ተገኘና ማመልከቻው ውድቅ ሆነ። ባለቅኔዋ ጁዲት ራይትም የነበረችበት ይህ ትግል የባሪየር ሪፍ የባሕር ፓርክ ሕግ በ1975 እንዲወጣ መንገድ ከጠረጉት አንዱ ነው።

ያ ፓርክ 344,400 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። እስከ 2004 ድረስ ለማስገር ፈጽሞ የተዘጋው ክፍሉ ከ5 በመቶ በታች ነበር፤ በዚያ ዓመት ወደ 33 በመቶ አደገ። ከዚያ በፊት የፓርኩ ባለሥልጣን ዕቅዱን ለሕዝብ አቅርቦ ከ31,000 በላይ የጽሑፍ አስተያየት ተቀብሏል፤ ድንበሮችም በአስተያየቱ ተሻሽለዋል። በ2003 የተጀመረው የሪፍ ጠባቂ ትምህርት ቤቶች ፕሮግራም ፍሬ ሊያፈራ የሚችለውም በእንዲህ ያለ ምድር ላይ ነው፤ ተማሪው ሲያድግ የሚናገርበት መድረክ ቀድሞ አለና።

የፕሮግራሙ ሌላ ትምህርት ከባሕር ርቀው ስለሚኖሩ ሰዎች ነው። ወደ ባሪየር ሪፍ የሚፈሱ ወንዞች ከ424,000 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት ውሃ ይሰበስባሉ። በዚያ ሰፊ ምድር ከብት ይረባል፣ አገዳ ይመረታል። በልቅ ግጦሽ የተራቆተ ኮረብታ አፈሩን፣ እርሻው ማዳበሪያውን በዝናብ ወደ ባሕር ይልካል። ደለሉ የፀሐይ ብርሃን ይጋርዳል፤ ማዳበሪያው ደግሞ ኮራል በል የሆነው ባለእሾህ ኮከብ ዓሣ እጮች የሚመገቡትን ጥቃቅን ሕይወት ያበዛል። ስለዚህ ባሕር አይቶ የማያውቅ የገበሬ ልጅ ስለ ሪፍ የሚማረው ለጠቅላላ ዕውቀት ብቻ አይደለም። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ቦረቦር የሪፉ ጉዳይ ነው።

በልጅ ጫንቃ የማይጫነው

እስካሁን ያነሳነው ሁሉ አንድ ወሰን አለው። የአፖ ሰው ፈንጂን ሊያስቆም ይችላል፤ ባሕሩን ሊያቀዘቅዝ አይችልም። በዓለም እጅግ በተደራጀ መልኩ የሚጠበቀው ባሪየር ሪፍ በ1998፣ በ2002፣ በ2016፣ በ2017፣ በ2020፣ በ2022 እና በ2024 በሰፊው ነጥቷል። በ2024 ሚያዝያ ሳይንቲስቶች አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት መከሰቱን አስታወቁ፤ ከ2023 መባቻ ወዲህም ከዓለም ሪፎች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ለመንጣት በሚያደርስ ሙቀት ተመትተዋል። የመንግሥታቱ የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል በ2018 እንዳስቀመጠው፣ የምድር ሙቀት በ1.5 ዲግሪ ቢጨምር ከ70 እስከ 90 በመቶ፣ በ2 ዲግሪ ቢጨምር ደግሞ ከ99 በመቶ በላይ የሚሆነው የሐሩር ባሕር ኮራል ይጠፋል።

ይህን ከተማሪ የሚደብቅ ትምህርት አለ። የፀሐይ መከላከያ ቅባት ጉዳይ ጥሩ ምሳሌ ነው። ፓላው ለኮራል ጎጂ ናቸው ያለቻቸውን የቅባት ዓይነቶች ከ2020 ጀምሮ አግዳለች፤ ለትንሽ አገርና ጎብኚ ለሚበዛበት ውሃ የሚያስነቅፍ ጥንቃቄ አይደለም። ነገር ግን የሪፍ ትምህርት ስለ ቅባትና ስለ ፕላስቲክ መምጠጫ ብቻ አውርቶ ስለ ድንጋይ ከሰልና ስለ ነዳጅ ዝም ካለ፣ ልጁን ታማኝ ሸማች ያደርገዋል እንጂ አስተዋይ ዜጋ አያደርገውም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላል የእኛ ሰው። ሥሩ ያለው በኃይል ማመንጫውና በፋብሪካው፣ በሀብታም አገሮች የፍጆታ ታሪክ ነው።

እውነቱን መናገር ተስፋ ማስቆረጥ ነው የሚሉ መምህራን አሉ። ሥጋታቸው ይገባል፤ መልሱ ግን የአካባቢ ጥበቃን ትክክለኛ ልክ መናገር ነው። ዓሣ የሞላበት፣ ደለል ያልተጫነው ሪፍ ከሙቀትና ከማዕበል በኋላ የማገገም ዕድሉ የተሻለ ነው። አፖም በ2011 እና በ2012 በደረሱ ኃይለኛ ማዕበሎች የተከለለው ሪፏ ክፉኛ ተሰባብሯል። ጥበቃ ከማዕበል አላዳነውም፤ ዳግም የሚያቆጠቁጥበትን ዕድል ግን ይሰጠዋል። ለተማሪ ሊነገር የሚገባው ይኸው ነው፤ የእናንተ ሥራ ጊዜ ይገዛል፣ የተገዛውን ጊዜ የማባከን ወይም የመጠቀም ኃላፊነት ግን የመንግሥታት ነው።

ኃላፊነቱን ወደ አዋቂው የሚመልስ ብልሃት ያገኘችው ራሷ ፓላው ናት። ከ2017 ማብቂያ ጀምሮ ወደ አገሯ የሚገባ ጎብኚ ፓስፖርቱ ላይ በሚታተም ቃል ኪዳን ላይ ይፈርማል። ቃል ኪዳኑ የተጻፈው በፓላው ልጆች ተሳትፎ ሲሆን የሚገባውም ለእነሱ ነው። በዚህ ሥርዓት ልጁ ተመካሪ መሆኑ ቀርቶ ቃል የሚገባለት ወገን ይሆናል።

ባሕር የራቀን እኛስ?

የኢትዮጵያ ተማሪ ይህ ምን ያገባዋል ለሚል፣ መልሱ በሁለት አቅጣጫ ይመጣል። አንደኛው የምድራችን ታሪክ ነው። በዳናክል ረባዳ ምድር ዳርቻዎች በድንጋይነት የቀረ የኮራል ሪፍ አለ። ከ100,000 ዓመታት በላይ አስቀድሞ የቀይ ባሕር ውሃ ወደዚያ ገብቶ በነበረበት ዘመን የበቀለ ነው። የአፋር ተማሪ የሪፍን አሠራር በሥዕል ሳይሆን በእጁ ዳስሶ ሊማር የሚችልበት ስፍራ በአገሩ አለው። ሁለተኛው ንግዳችን ነው። ከወጪና ገቢ ዕቃችን አብዛኛው በጅቡቲ ወደቦች ያልፋል፤ እነዚያ ወደቦች ያሉበት የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ደግሞ እንደ ሙሻና ማስካሊ ባሉ ደሴቶች ዙሪያ ሕያው ሪፎች አሉት። ማዳበሪያችንና ነዳጃችን የሚጓዘው በእነሱ ጎን ነው። የሰሜን ቀይ ባሕር ኮራሎች ከሌሎች የተሻለ ሙቀት የሚችሉት፣ የጥንት ቅድመ ዘሮቻቸው በሞቃቱ ባብ ኤል ማንደብ በኩል ተፈትነው ስላለፉ ነው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። እንዲህ ከሆነ በደጃችን የሚጀምረው ቀይ ባሕር በሰሜን ጫፉ ለዓለም ሪፎች ከቀሩት የመጨረሻ መጠጊያዎች አንዱ ሊሆን ይችላል።

ለክርክራችን ግን ከሁሉም የሚቀርበው የመንዝ ጓሳ ነው። የመንዝ ሰው የጓሳውን ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ፣ ምድሩን ለግጦሽ እየተጠቀመበት፣ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሥርዓት ለዓመታት እየዘጋ በወሰነው ጊዜ ሲከፍተው ኖሯል። በእኛ አቆጣጠር በ1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ የባለርስቶቹን መብት ሲሽር የጥበቃው ሥርዓትም አብሮ ተናጋ፤ ስፍራውም ለጉዳት ተጋለጠ። በኋላ የአካባቢው ሕዝብ በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን መልሷል። የመንዝ ሰው በ1967 ዓ.ም. ዕውቀቱ አልጠፋበትም፤ የጠፋው የመዝጋትና የመክፈት ሥልጣኑ ነው። ሱሚሎንና ጓሳ ሳይተዋወቁ አንድ ነገር ይመሰክራሉ።

ስለዚህ ስለ ሪፍም ሆነ ስለ ሐይቅ፣ ስለ ደንም ሆነ ስለ ግጦሽ የትምህርት ፕሮግራም ሲቀረጽ፣ በጀቱ ከመጽደቁ በፊት ሦስት ጥያቄዎች በጽሑፍ ቢመለሱ ብዙ ገንዘብ ይድናል፣ ብዙ ሐሜትም ይቀራል። ሠልጣኙ ከሥልጠናው በኋላ በሕግ የመወሰን ሥልጣን የሚያገኘው በምን ላይ ነው? ለተወሰነው ነገር የሚከፍለው ዋጋ ካለ፣ ጥቅሙስ በቀጥታ የሚደርሰው በማን በኩል ነው? ተማሪዎቹ የሚሞሉት መዝገብ የት ይቀመጣል፣ ከንቲባው ሲቀየርና ፕሮጀክቱ ሲያበቃስ የሚቀጥለው ማን ነው? ለሦስቱም መልስ ያለው ፕሮግራም አዳራሽ ባይከራይ እንኳ ይሠራል። መልስ የሌለው ግን ሕዝቡን ያላስተማረው ሳይሆን ያልሾመው መሆኑን አምኖ ከዚያ ቢጀምር ይሻለዋል።